የከብት ጨው የበላ ጓሮ

ቡዜ የከብት ሰው ነበረች። አባቷ የከብት ሰው፣ አያቷ የከብት ሰው፤ እሷም «እኔ ከጥጃ ጋር ተሻምቼ ያደግሁ ነኝ» ማለት ትወዳለች። የትኛዋ ላም ሆዷ እንደተነፋ፣ የትኛዋ ወተቷን እንደያዘች ጓዳዋ ሆና ድምፅ ሰምታ ትናገራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም። የአትክልት ነገር ሲነሳ ግን አፏ ይዘጋል። ጎመን የምታውቀው ከድስት ውስጥ ነው፤ ከድስቱ በፊት የት እንደነበረ ጠይቃ አታውቅም።

ባሏ ፈዬራ ባቡሩ አዳማ በገባ በጥቂት ዓመት ከገጠር አንሥቶ ለገሃሩ አጠገብ ያሰፈራት ለወተት ብሎ ነው። የባቡር ሰዎች ወተት ይወዳሉ፣ ወተት ደግሞ ከላም ርቆ አይሰነብትም። ሰፈሩ አቧራ ነው፤ በበጋ ነፋሱ ሲነሳ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በሳሉ ነው። መሬቱም ልል ነው፣ የፈለገውን ያህል ውሃ ቢያፈሱበት ውጦት ዝም ይላል። በዚያ አቧራ መካከል፣ ከቡዜ አጥር ማዶ፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ነበር። የዙለይካ ጓሮ ነው።

ዙለይካ የወሎ ሴት ናት። ባሏ ሐዲድ ሲሠራ ንዳድ ይዞት ሞተ፤ ትቶላት የሄደው አንዲት ጎጆና ከጎጆዋ ኋላ ያለች ቁራሽ መሬት ነው፤ ሁለት በሬ ቢተኛባት ሦስተኛው ቆሞ የሚያድርባት። ልጅ የላትም። ሌላ ሴት ብትሆን ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ትገባ ነበር፤ እሷ ግን ጉድጓድ ቆፈረች። የፍየል በጠጥ፣ የባቄላ ገለባ፣ የጠወለገ ቅጠል፣ ሰው የጣለው ነገር ሁሉ እየተለቀመ ወደዚያ ጉድጓድ ገባ፤ ስድስት ወር ቆይቶ ጥቁር አፈር ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት የአዳማ አቧራ ጎመን አበቀለ፤ በሦስተኛው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዱባ ጨመረ። ዙለይካ ከዚያች ጓሮ በልታ፣ የተረፈውን ለገሃር ወስዳ እየሸጠች ትኖር ጀመር።

ቡዜ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ዙለይካ ጤዛው ሳይደርቅ ተነሥታ የምድጃ አመድ በጣቶቿ ቅጠሉ ላይ ትነሰንሳለች። ትል ስታገኝ ለቅማ ለዶሮዋ ትሰጣለች። ተባይ ሲበዛ የትምባሆ ቅጠል ትዘፈዝፍና ውሃውን በጭራሮ መጥረጊያ ትረጫለች። በዳር በዳሩ ጤና አዳም ተክላለች፤ ሽታው የማይወደውን ያባርራል ትላለች። ከጎመኑ ሥር ደግሞ ገለባ ታለብሳለች። «መሬትም ይበርደዋል እንዴ?» ብላ ቡዜ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠየቀቻት።

«አይበርደውም፣ ይጠማዋል» አለቻት ዙለይካ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ወዳጅነታቸው የጀመረው ያን ቀን ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ወተት ወዲያ ሲያልፍ ጎመን ወዲህ አለፈ። የቡዜ ላሞች እበት ወደ ዙለይካ ጉድጓድ ይሄዳል። ቡዜን ንዳድ በጣላት ጊዜ ላሞቿን ያለበችው ዙለይካ ናት፤ ከብት ስለምትፈራ ዐይኗን ጨፍና፣ እያለቀሰች። ከእናቷ ልጆች አንዳቸውም እንደዚህች ሴት አልሆኑላትም።

አንድ ጊዜ ቡዜ «አገርሽ አይናፍቅሽም?» አለቻት።

«ይናፍቀኛል እንጂ። ግን ሰውዬዬን እዚህ ቀብሬ፣ ይህችን ጓሮ እዚህ አብቅዬ የት እሄዳለሁ? ያሰረችኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር፣ ቡዜዋ፣ አንድ ቀንም አልቆይ። ምን በልቼ?»

ቡዜ ይህችን ቃል ያዘቻት። ሳቅ ብላ ያለፈቻት መስሏት ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ግን ቀረች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ መሐመድዘይን የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ ከወሎ ሲመለስ የዙለይካ እናት እንደታመመች አወራ። ዙለይካ በማግስቱ ስንቋን ቋጠረች። ከመሄዷ በፊት ቡዜን በጓሮው መካከል አቁማ አንድ በአንድ አሳየቻት። «አመዱን በጤዛ፣ ያውም ትንሽ። ውሃውን በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በቀትር አይሆንም። ትሉን በእጅሽ። ሌላ ምንም አትጨምሪበት። እናቴን አይቼ እመጣለሁ። አደራሽን።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» አለች ቡዜ ደረቷን ደቅታ። «ስትመለሺ እንዳለ ታገኚዋለሽ።»

እስከ ገና ያደረገችውን ያየ ሁሉ መስክሮላታል። ከለገሃሩ ውሃ በአህያ እያስቀዳች አጠጣች። አመዱን በጣቷ ነሰነሰች። ትሉን መጀመሪያ ዐይኗን ጨፍና ነበር የምትለቅመው፤ ኋላ ለመደችው። ጎመኑም ደህና ነበር። ችግሩ ደህና መሆን ለቡዜ አለመብቃቱ ነው። በከብት ሰው ቤት «ደህና ናት» የሚባለው ለማትሸጥም ለማትታረድም ላም ነው። ዙለይካ ስትመለስ ጓሮዋን ደህና ሳይሆን ሰብቶ እንድታገኘው ፈለገች። በሩን ከፍታ «ኧረ ቡዜ!» ስትል ሰማቻት፤ ያቺ ገና ያልተጮኸች ድምፅ እንቅልፍ ነሳቻት።

ጥር ሲገባ የፈዬራ ወንድም ከሐይቆቹ ወገን እንደ ወትሮው ቦሌ በአህያ ጭኖ መጣ። ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨውማ አፈር ነው፤ ያለ ቦሌ ላም ላም አይደለችም። ቡዜ አንድ ቁና ለላሞቿ ዘረጋች። በሳምንቱ ፀጉራቸው አበራ፣ ወተታቸው ከፍ አለ። ቡዜ ላሟን አየች፤ ከዚያ አጥሩን አሻግራ ጎመኑን አየች።

«አባ ገርባ» አለችው ባሏን በበኩር ልጃቸው ስም ጠርታ፤ «ቦሌ ለጎመን ይሆናል?»

ፈዬራ የማያውቀውን ነገር አላውቅም ብሎ አያውቅም። «ላም ምን ትበላለች?»

«ሣር።»

«ሣር ምን ይበላል?»

«አፈር።»

«ቦሌስ አፈር አይደለም?» አለና በርጩማውን ይዞ ሊያልብ ወጣ። አንድ ሞኝ ያለበትን ቤት ሌላው ሰው ያስተካክለዋል፤ ሁለቱም ብልህ የሆኑበት ቤት ግን መላ የለውም።

ቡዜ አንድ ስልቻ ቦሌ ጓሮው ላይ በተነች፣ ገሚሱንም በውሃ በጥብጣ አጠጣች። «ሌላ ምንም አትጨምሪበት» ያለችው የዙለይካ ቃል መጥታባት ነበር፤ «ይህን ብታውቅ እኮ አትለኝም ነበር» ብላ መለሰቻት። ያን ሳምንት ጎመኑ እውነትም የጠቆረ መሰለ። ውሃው በዝቶለት ይሆናል፤ እሷ ግን ቦሌው ነው ብላ ሁለተኛ ስልቻ ጨመረች።

በዐሥረኛው ቀን የቅጠሉ ዳር ቢጫ ሆነ። በዐሥራ ሁለተኛው ከዳር ወደ መካከል መቃጠል ጀመረ። ቃሪያው አበባውን አራገፈ። አንድ ማለዳ ቡዜ አመዷን ይዛ ስትገባ መሬቱ ነጭ ሆኖ አገኘችው፤ ከብቶች ተጋፍተው የሚልሱት የሐይቅ ዳር ይመስላል። ላንዲት ቅጽበት ደስ አላት። ከዚያ ጎመኖቹን አየችና አመዷን መሬት አስቀመጠች።

የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። የምታውቀውም ዙለይካ ያሳየቻትን ብቻ ነው። አመድ ጨመረች፣ ባሰበት። ውሃ ጨመረች፤ ውሃው ሰርጎ ሲደርቅ ነጩ ነገር ከበፊቱ ወፍሮ ወጣ። እበት ጨመረች፣ ትኩስ እበት ነበርና የቀረውንም ሥር አቃጠለው። በእጇ ነጩን አፈር እየፈገፈገች በቅርጫት አወጣች፤ በማግስቱ እንደገና ነጭ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ፈዬራ አጥሩ ላይ ተደግፎ «በዛ መሰለኝ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቡዜ ቅርጫቷን አንሥታ አጠገቡ አለፈች።

ለማርያም ተሳለች። ከተሳለች በኋላ ደግሞ ጓሮው የእስላም መሆኑ ትዝ አላትና ሥጋት ገባት፤ ተነሥታ አባባ ሀሰን ዘንድ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄደች።

«ዱዓ ያድርጉልኝ፣ አባባ።»

«ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለጎመን» አለችና እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው አልሳቁም። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው ጓሮውን አዩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ አፈሩን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። «ዱዓው ይደርሳል፣ ልጄ። ጨው ግን በአንድ ቀን ይገባል እንጂ በአንድ ቀን አይወጣም። የስንት ክረምት ዝናብ ያጥበው ይሆን?» አሏት።

መጋቢት ላይ መሐመድዘይን በደጇ ሲያልፍ «እትዬ ቡዜ፣ ምሥራች! ዙለይካ እናቷን አፈር አልብሳ ተነሥታለች። ዐሥራ አምስት ቀን ቢፈጅባት ነው» አላት። ሞት ያለበትን ምሥራች ቡዜ እንዴት እንደምትቀበለው ጠፋት። «የእናቷን የጎመን ዘር ይዛ ነው የምትመጣው፤ በሻሿ ቋጥራ ጭንቅላቷ ላይ አስራዋለች» ብሎ ጨመረላት። በዐሥረኛው ቀን ቡዜ ገበያ ሄዳ ሥሩ ያልተቆረጠ ጎመን ገዝታ መጣችና ጓሮው ውስጥ ሥሩን ቀብራ ደረደረችው። በሦስተኛው ቀን ጠውልጎ ተኛ።

ዙለይካ የገባች ዕለት ቡዜ ልትቀበላት አልወጣችም። ከላሟ ኋላ ቆማ የጎረቤቷ በር ሲከፈት ሰማች፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አልሰማችም። እየጠበቀች ነበር፤ ጩኸት፣ ስድብ፣ እርግማን፣ ምንም ይሁን። ዝምታው ሲያቅታት በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ዙለይካ ከእነአቧራዋ ቁጢጥ ብላ አፈር ቆንጥራ ምላሷ ላይ አድርጋለች።

«ቦሌ?» አለች ዙለይካ።

«ቦሌ» አለች ቡዜ።

«ስንት?»

«ሁለት ስልቻ።»

ዙለይካ ሳቀች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። እናቷን ይሁን ጓሮዋን የምታለቅሰው አይታወቅም። ቡዜ እግሯ ላይ ወደቀች። «አደራ በላሁ! አደራሽን በላሁ፣ እህቴ! ስደቢኝ!»

«አብሽሪ» አለቻት ዙለይካ፣ እያነሣቻት። «ክፉ አላሰብሽ። ለላምሽ የምትሰጪውን ነው የሰጠሽኝ።»

ቡዜን ብትመታት ይሻላት ነበር። ይቅርታውን አግኝታዋለች፣ ሙሉውን፣ ከልብ የሆነውን፤ ምን እንደምታደርገው ግን አላወቀችም። በማግስቱ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጓሮውን ክንድ ያህል ቆፈሩ፣ አፈሩን አወጡ፣ ከወንዝ ዳር በአህያ አዲስ አፈር አመጡ። ዙለይካ ጭንቅላቷ ላይ ካሠረችው ዘር እኩሌታውን ዘራች። በቀለ። ቡዜ በየማለዳው ሄዳ ስታየው መተንፈስ ትፈራ ነበር። ሁለት ሁለት ቅጠል አወጣ፣ ከዚያ ጨው ከታች ወጣበትና ቢጫ ሆኖ ተኛ።

ቡዜ የራሷን ግቢ ሰጠቻት። ዙለይካ ዐይኗን ወርውራ ላሞቹ የሚተራመሱበትን ጭቃ አየች። «ላሞችሽ የት ይደሩ? እናንተስ ምን ትበሉ?» አለቻት። ፈዬራ እንኳ፣ ሁልጊዜ መልስ የማይጠፋው ሰው፣ ያን ቀን ጠፋው።

ሰኔ ሳይገባ ዙለይካ ጓዟን ጠቀለለች። መሐመድዘይን ዓለም ጤና አካባቢ ውሃ ያለበት መሬት የሚያርስ ዘመድ ነበረው፤ ዳር ላይ ቦታ ሰጣት። ያሰረቻት ጓሮ የለችም፣ የማትሄድበት ምክንያት አልነበራትም። ያኔ «እሷ ባትኖር አንድ ቀንም አልቆይ» ያለችው ቃል ነው የሆነው፤ ቡዜም ያቺን ቃል እሷ ራሷ እንደፈጸመቻት ታውቃለች። ስትሰናበታት ዙለይካ የቀረውን ዘር በመዳፏ ላይ እኩል ከፈለችና አንዱን ድርሻ በአንዲት ትንሽ የላም ቀንድ ውስጥ ጨምራ ሰጠቻት።

«የእናቴ ዘር ነው። በአንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ያስፈራኛል። አንቺም ጋ ይኑር።»

«እኔ ጋ?» አለች ቡዜ። «እኔን አይተሽኝ የለም እንዴ!»

«ስላየሁሽ ነው» አለች ዙለይካ። «አደራሽን።» አህያዋን ነድታ ሄደች።

ቡዜ ቀንዱን በውታፍ ደፍና ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጭስ የሚደርስበት ማገር ላይ ሰቀለችው። ሰኔ ሲመጣ አወረደችው፤ ከበረቱ ግድግዳ ሥር እበት ያጠቆረው አፈር ነበር፣ ለዐሥር እግር ጎመን የሚበቃ። ጎንበስ አለች። እጇ እምቢ አላት። ይህ አፈር ቢከዳኝስ? ላሜ ብትበላብኝስ? የማላውቀው ሌላ ነገር ቢኖርስ? ቀንዱን ደፍና መልሳ ሰቀለችው። በሁለተኛው ሰኔም አወረደችው፣ ሰቀለችው። ፈዬራ «ትከይውና ይውጣልሽ!» ቢላት «አንተ ዝም በል፤ አንድ ጊዜ ሰምቼሃለሁ» አለችው። በሦስተኛውም በአራተኛውም ሰኔ እንዲሁ። ሰው ጤንነቷን ሲጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፤ ሌሊት ነቅታ ቀንዱ በቦታው መኖሩን በእጇ እንደምትዳስስ ግን ማንም አያውቅም።

በአምስተኛው ክረምት መግቢያ መሐመድዘይን መጣ። «እትዬ ቡዜ፣ ዙለይካ ልካኝ ነው። አንበጣ ወርዶ እርሻውን አንድ አላስቀረላትም። ለዘር ያቆየችውን ጎመን ሳይቀር ከነግንዱ በላው። ‹የእናቴ ዘር አሁን ያለው ቡዜ ጋ ብቻ ነው፤ እሱን ትስጠኝ› ብላለች።»

ቡዜ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ተነሥታ አታውቅም። ቀንዱን አውርዳ ውታፉን ነቅላ አሳየችው። «ይኸው! አንዲት ፍሬ አልጎደለችም! አልነካሁትም በልልኝ! እንዳለ ነው፣ እንደሰጠችኝ ነው በልልኝ!» እሱ ቀንዱን ይዞ ሲሄድ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘችው። ለካ አለመትከሏ ልክ ነበር! ያን ወር ላሞቿን ስታልብ ታንጎራጉር ነበር፤ ፈዬራ ምን እንዳገኘች ግራ ገባው።

መሐመድዘይን በወሩ ሲመለስ ተቀመጠ፤ የሰጠችውን ወተት ግን አላነሣውም።

«በቀለ?» አለችው።

«አፈሩ መልካም ነው፣ እትዬ ቡዜ። ውሃም አለ። በገዛ እጇ ነው የዘራችው፣ እኔም ነበርኩ።» ራሱን ወዘወዘ። «አንድም አልወጣም። አራት ዓመት ሳይዘራ ምድጃ ላይ የከረመ ዘር ይሞታል አለች። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተዘራ መታደስ ነበረበት አለች።»

ቡዜ ያልተነካውን ወተት ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «ሌላስ ምን አለች?»

«‹ቡዜን አብሽሪ በልልኝ› አለች።» ከኪሱ ባዶውን ቀንድ አውጥቶ አጠገቧ አስቀመጠው።

እሱ ከሄደ በኋላ ቡዜ ቀንዱን አንሥታ እዚያው ማገር ላይ ሰቀለችው። በረቱ ውስጥ አንዲት ላም ጮኸች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ጮኸች።

«ምን ሆና ነው?» አለ ፈዬራ ከውጭ፣ እንደ ወትሮው መልሱን እየጠበቀ።

ቡዜ አዳመጠች። ላሚቱ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸች።

«አላውቅም» አለች።